ማን ነው የሚያየው?

የፎቶ ቤቴን ቁልፍ ለማህሌት ካስረከብሁ ወዲህ፣ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ምነው አለምነሽ፣ ገና ሳታረጂ ሥራ ተውሽ?» ይለኛል። ዓይኔ ደከመ እላለሁ። ዓይኔ አልደከመም። ዛሬም ክር በመርፌ የማስገባው ያለ መነጽር ነው። የተውሁበትን ምክንያት በቆምሁበት የምናገረው አይደለም፤ ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጽሕፈቴ እንደ ወሬዬ ቢሆን የሚያነበኝ ይታገሠኝ።

ጎንደር የገባሁት ከዳባት በላይ ካለ ገጠር ነው። አክስቴ ዘንድ መጥቼ፣ እሷም የምታበላኝ ሲያጥራት፣ አያ ታከለ ፎቶ ቤት ወለል እንድጠርግና ውኃ እንድቀዳ አስገባችኝ። ፎቶ ቤቱ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። የፊት ለፊቷ ክፍል ማንሻ፣ የኋለኛዋ ጨለማ ክፍል፣ ማጠቢያ ናት። ፎቶ በውኃ ይታጠብ በነበረበት ዘመን ውኃ የሚቀዳ ሰው ትልቅ ሰው ነው። እንዲያ እያልሁ ራሴን አጽናናለሁ።

አያ ታከለ ቀጭን፣ ቃል የማያበዙ ሰው ነበሩ። አንድ የሥራ ጋቢ ነበረቻቸው። ያቺ ጋቢ ቤት አትሄድም፣ ቤተ ክርስቲያንም አትሄድም። ብርድ ቆፈን ሲያስይዛቸው እንኳ አይደርቧትም። እኔ ነኝ በእንዶድ አጥቤ ፀሐይ ላይ የማሰጣት። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ብዙ ጊዜ አጠብኋት። አንድ ቀን፣ የሚረዳቸው ሰው ሲቀር፣ «ነይ አንቺ ልጅ፣ ያዣት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ክፍል ያለው ትልቅ አምፖል አንድ ነው። የተቀመጠው ሰው አንድ ጉንጩ ይበራል፤ ሌላው ይጨልማል። በጨለመው በኩል ጋቢዋ ስትዘረጋ ብርሃኑ እሷን መትቶ ይመለስና ጨለማውን ያለሰልሰዋል። ቀረብ ስትል ጉንጩ ይሞላል፣ ራቅ ስትል አጥንቱ ይወጣል። አንዲት ስንዝር እንኳ ብዙ ትለውጣለች። ክንዴ እስኪዝል ይዤ ስቆም አያ ታከለ በካሜራው አሾልከው እያዩ «ወደ ኋላ… ትንሽ… አሁን አትተንፍሺ» ይሉኛል። የሚነሣውን ሰው ግን አትተንፍስ ብለውት አያውቁም።

ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር። «ማን ነው የሚያየው?» ይላሉ። ለመሥሪያ ቤት ነው ከተባሉ መጠባበቂያዋን አምፖል ከወዲያ በኩል ለኩሰው ፊቱን እንደ ሰሌዳ ያስተካክሉታል። «መሥሪያ ቤት ጆሮ ይቆጥራል እንጂ ሰው አያይም» ይላሉ። ለአማት ነው ከተባሉ ጋቢዋን ያስጠጉና ጉንጭ ያሞላሉ። ለእናት ነው ሲባሉ ግን ወንበሩን ራሳቸው ያዞሩታል፤ ጋቢዋን ወደ ኋላ እንዳርቃት ይነግሩኛል። ጠባሳ ካለ ይታያል። ጥርስ ከጎደለ ይታያል። አንድ ጊዜ፣ «አያ ታከለ፣ ምነው ይችን ጠባሳ ብንሸፍናት?» ብላቸው፣ «እናቱ ቁስሉን ያጠበች ናት፤ አንቺ አትምረጪላት» አሉኝ።

አያ ታከለ ዓይናቸው ሲከዳቸው ፎቶ ቤቱን ከነጋቢዋ ለእኔ ለቀቁልኝ። ባሌ ሹፌር ነበር፤ ሊማሊሞ ላይ ከሞተ በኋላ ልጄን ዳዊትን ያሳደግሁት በዚያች ቤት ገቢ ነው። ፊልም ሄዶ ዲጂታል ሲመጣ ጨለማዋን ክፍል ነጭ ቀባናትና ኮምፒውተር ገባባት። ግብሩም ኪራዩም ጨመረ፤ ያ የሁሉም ሰው ነገር ስለሆነ አላወራውም።

ስለ ትልቅ ፎቶ ግን መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ሬሳው ያልመጣ ሰው ለቅሶው በፎቶ ነው። ዘመድ ፎቶውን በትልቁ አሠርቶ ወደ ለቅሶው ሜዳ ይዞት ይወጣል፣ ከፍ አድርጎ ይዞ ይዞራል፤ እናት የምታለቅሰው እሱን እያየች ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለ ልጅ ብቻውን ትልቅ ፎቶ ሲነሣ እናት ደስ አይላትም። እኔም ፎቶ አንሺ ሆኜ ዳዊትን ብቻውን በትልቁ አንሥቼው አላውቅም። ከእኔ ጋር፣ ከጓደኞቹ ጋር፣ በምረቃ ቀን ከአክስቶቹ ጋር አለ። ጉርድም አለው። ትልቅ የለውም።

በሥራ ዘመኔ አንድ ያቃተኝ ነገር አለ። ከሊማሊሞ በታች ካለችው ከድብ ባሕር አንዲት እናት መጡ። ልጃቸው የሞተው ሩቅ አገር ነው፤ የለቅሶው ቀን ተቆርጧል። በእጃቸው ያለው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም መታወቂያ ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተም ግማሹን መትቶት።

«አይዞዎት፣ አሳድገዋለሁ» አልኋቸው።

ከመታወቂያው ላላቅቀው ብዬ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነከርሁት። እኔ ያደግሁት ፎቶ በውኃ ሲወለድ እያየሁ ነው። የድሮው ወረቀት ውኃ ውስጥ ሲያድር እንኳ ምንም አይሆንም፤ ሙጫው ይለቅና ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ይኼኛው ግን ርካሽ ማተሚያ የተፋው ነበር። ዘወር ብዬ ስመለስ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ተበትኗል። የልጁ ፊት እየቀለጠ ሲሄድ አየሁት። በጣቴ ልይዘው ሞከርሁ። ፊት በጣት አይያዝም።

የተረፈው ግንባሩና አንድ ዓይኑ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከተረፈው ሠራሁ። ሌላኛውን ዓይን ከአንደኛው ገለበጥሁ። አገጩን ከሌላ ልጅ አመጣሁ። ቅንድቡ ላይ አንዲት ጥቁር ሰረዝ ነበረች፤ የማኅተም ቀለም መሰለችኝና አጠፋኋት። ሲያልቅ ሸጋ ልጅ ሆነ። እናቱ ሊወስዱት ሲመጡ ውኃው ያደረገውን ነገርኋቸው። ቀኑ ስለደረሰባቸው ፎቶውን ሳያዩት በነጠላቸው ጠቅልለው ሄዱ።

ከለቅሶው በኋላ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣

«ሸጋ ልጅ ነው። የማን ነው?» አሉኝ።

ፎቶውን ወደ እኔ አዞሩት።

«እኔ ልጄን በቅንድቡ ነው የማውቀው። በቅሎ ረግጣው ነበር፣ ትንሽ ሆኖ። ፎቶው ሲወጣ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ እንባዬ ቀጥ አለ። የሰው ልጅ መሰለኝ። ምነው ልጄ፣ ብትጠይቂኝ?»

ይኸው ነው። አልጠየቅኋቸውም። ማን ነው የሚያየው የምትለዋ ጥያቄ ለሕያዋን ብቻ መስላኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሞተ ሰው ፎቶ ላሳድግ ስቀበል እናቱን ወይ እኅቱን አጠገቤ አስቀምጬ፣ «ይኼ ምንድን ነው? ይኼስ?» እያልሁ ነው የሠራሁት። ለድብ ባሕሯ እናት ግን የሚመለስ ነገር አልነበረም።

ኋላ ደግሞ ወጣቶች ስልክና ካሜራ ይዘው ሠርግ ማንሣት ሲጀምሩ፣ ብርሃን አስተምሪልን ተባልሁ። መጀመሪያ ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ቀጥሎ ዳባትና ደባርቅ። እኔ በሰሌዳ የምጽፈው የለኝም። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ እሸፍንና አንድ እንቁላል ጠረጴዛ ላይ አቆማለሁ፤ ከጎኑ አንድ አምፖል። «ጥላው የት ጀመረ? የት አለቀ?» እላለሁ። አምፖሉን ከፍ፣ ዝቅ፣ ወደ ኋላ። እንቁላሉ አንዴ ጨረቃ ይመስላል፣ አንዴ ድንጋይ።

«እትዬ አለም፣ በመጨረሻ እንቁላሉን ማን ይበላዋል?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ጥላውን ያየ።»

«እንግዲያው ጾማችንን አደርን።»

ከእንቁላሉ በኋላ ፊት ይመጣል። የሚቀመጥልኝ ዳዊት ነበር። በሒሳብ አያያዝ ተመርቆ ሥራ አጥቶ ቤት ውሏል፤ ከመንገላታት እኔን ተከትሎ ይመጣል። በየከተማው ያ ሁሉ ወጣት ብርሃን የተማረው በእሱ ፊት ላይ ነው። በቀኝ አብርተው አንሥተውታል፣ በግራ አብርተው አንሥተውታል፣ ከታች አብርተው እንደ ሰይጣን አድርገውታል። ፎቶውን ሲያይ ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው። «ጆሮዬን አተለቃችሁት። እማ፣ ጆሮዬን እኮ አተለቁት!» አዳራሹ ይስቃል። ሌላ ሰው ስናስቀምጥ ደግሞ ጋቢዋን የሚይዘው እሱ ነው። እንደ እሱ ስንዝሯን የሚያውቅ አልነበረም።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ዓይነት ደንበኛ በዛ። ብቻውን ይመጣል። ታጥቧል፣ ተላጭቷል፣ የሰው ሸሚዝ ተውሷል። ጉርድ አይፈልግም፤ ትልቁን ነው የሚለው። ማን ነው የሚያየው ስለው «እናቴ» ይላል። የሚሄድ ልጅ ነው። በመተማ በኩል ድንበር ሊሻገር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚደርስበትን እሱም አያውቀውም። ወንበሩን አዞራለሁ፣ ዳዊት ጋቢዋን ያርቃታል፣ እናነሣዋለን። አንዳንዱ ሲወጣ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብሎ ጉልበቴን ይስማል። እኔ ለራሴ የምነግረው አንድ ነገር ነበር፦ እናቱ ጥሩ ፎቶ ይኖራታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሳይኖር ዳዊት ገባ። ፀጉሩን ተቆርጧል።

«እማ፣ አንሺኝ።»

«ለማመልከቻ ከሆነ ጉርድ አለህ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈልገው።»

«ጉርድ አይደለም። ትልቁን።»

ለሰው ሁሉ ስለምለው ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ማን ነው የሚያየው?»

«አንቺ» አለኝ።

እጄ ላይ የነበረውን መወልወያ ጨርቅ አስቀመጥሁት።

«ካሜራው ባትሪ የለውም» አልሁት።

«ባትሪውን የሞላሁት እኔ ነኝ እኮ።»

«ወዴት ነው?»

«ሰሊጥ አጨዳ። እስከ መተማ ብቻ።»

«ለሰሊጥ አጨዳ ትልቅ ፎቶ የሚነሣ የለም ዳዊት። እኔ ስንቱን አንሥቻለሁ?»

አቀረቀረ። ከዚያ እናት የምትለውን ሁሉ አልሁ። አባትህን አንድ ጊዜ ለመንገድ ሰጥቼዋለሁ፣ አንተን አልሰጥም አልሁ። ፎቶ ቤቱን ውሰደው፣ በስምህ ይሁን አልሁ። ሁሉንም ጨርሼ ስቀመጥ ቀስ ብሎ፣ «ብታነሺኝም ባታነሺኝም እሄዳለሁ፤ ብታነሺኝ ይሻላል» አለኝ። በዚያ ድምፅ አባቱን ሰማሁት። ማርሽ ካስገባ የማይመለስ ሰው ነበር።

አምፖሉን ለኮስሁ። ጋቢዋን የሚይዝ ሰው አልነበረም። የሚይዘው እሱ ነበራ። ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ጋቢዋን አነሣና በግራ እጁ ከፎቶው ውጭ ዘረጋት። ለራሱ ፊት ራሱ ብርሃን ያዘ።

«እንዲህ?» አለ።

«ራቅ አድርጋት። ለእናት ነው።»

አራቃት። ትንሽ ሆኖ ምድጃ ላይ ሲወድቅ የቀረችው ጠባሳ አገጩ ሥር ወጣች። የአባቱ ጆሮ ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጫንሁት። ሊያየው ሲመጣ ካሜራውን አጠፋሁት። «ስትመለስ ታየዋለህ» አልሁት። ሲወጣ ጋቢዋን ትከሻው ላይ ጣልሁለት። ሌሊት መንገድ ላይ ይበርዳል። አያ ታከለ በብርድ ያልደረቧትን ጋቢ እኔ ለልጄ ደረብሁለት፤ ይማሩኝ።

ከተሻገረ በኋላ አንድ ጊዜ ደወለ። «ደህና ነኝ፣ ጋቢዋ ጠቅማኛለች» አለ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። መጀመሪያ ኔትወርክ ነው አልን። መንገድ ሲዘጋ፣ መንገዱ ነው አልን። አሁን የምለው አጣሁ።

ጎረቤቴ የሺ ክፉ ሰው አይደለችም። «ፎቶውን አውጪውና ለሚሻገሩት ስጫቸው፤ አይተነዋል የሚል ይገኝ ይሆናል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ትልቁን ፎቶ ከማተሚያው ሲወጣ ሳስበው፣ ከፍ ተደርጎ ሲዞር ነው የሚታየኝ። ስለዚህ ከሥልጠናው ፎቶዎች አንዱን ሰጠሁ፤ በቀኝ በኩል ብቻ የበራውን። ይዞት የሄደው ልጅ «እትዬ፣ ይኼማ ግማሽ ፊት ነው፤ በምን ይለዩታል?» አለኝ። «እሱን ካየኸው ትለየዋለህ» አልሁት። ከዚያ ልጅም የመጣ ወሬ የለም።

ሥራውን ያስተወኝ ከዛሪማ የመጣ አንድ ወጣት ነው። ብቻውን ገባ፤ የሸሚዙ እጅጌ ረዝሞበታል። ምን እንደሚል ሳይናገር አወቅሁት።

«ካሜራው ተበላሽቷል» አልሁት።

«እሺ እትዬ» ብሎ ወጣ። በበሩ አየዋለሁ። ደጅ በቆመች ባጃጅ መስታወት ፀጉሩን ያስተካክላል። ሌላ ፎቶ ቤት ሊሄድ ነው። እዚያ በፍላሽ መትተው ፊቱን እንደ ሰሌዳ ያደርጉታል፤ እናቱም የማን ልጅ ነው ትላለች። የድብ ባሕሯ እናት ትዝ አሉኝና ጠራሁት።

ጋቢዋ የለችም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ዘረጋኋትና በሌላ እጄ ተጫንሁ። የተጣመመች የፊት ጥርሱን ከንፈሩ እንዳይሸፍናት ሳጫውተው፣ «እትዬ፣ ጥርሴ ታየ መሰለኝ» አለ። «ይታይ» አልሁት። «ቅዳሜ እናቴ ገበያ ስትወጣ ትወስደዋለች» ብሎ ስሟን ነግሮኝ ሄደ።

ቅዳሜ መጣች። ዕድሜዋ የእኔ ነው። ፎቶውን ሰጠኋት። ጥርሱ ላይ ጣቷን አሳርፋ ሳቀች። ከዚያ ትልቅ መሆኑን አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«እሱ እዚህ ጎንደር ግንብ ሥራ ላይ ነው ያለው» አለችኝ። «አይደለም እንዴ?»

አልነገራትም ነበር። እንዲነግራት የተወው ፎቶውን ነው፤ የፎቶው አፍ ደግሞ እኔ ነኝ። ልጇ ሊሻገር የተነሣ መሆኑን ነገርኋት። ወንበሩ ላይ፣ ልጇ በተቀመጠበት፣ ቁጭ አለች። ቀና ብላ፣

«አንቺ ልጅ የለሽም?» አለችኝ።

«አለኝ።»

«ታዲያ ምነው ስታይው አልያዝሽውም?»

ስንቱን ልጅ በዚያ በር እንደሸኘሁ ያን ጊዜ ነው የታየኝ። ማንንም ይዤ አላስቀረሁ፤ የራሴንም አልያዝሁ። ግን ይህን ለእሷ ማለት ምን ይጠቅማታል? ውኃ ሰጠኋት። ፎቶውን ደረቷ ላይ አድርጋ ወጣች።

በሚቀጥለው ሳምንት ማህሌትን ጠርቼ ቁልፉን ሰጠኋት። ከደባርቅ ሥልጠና የመጣች ጎበዝ ልጅ ናት፤ ብርሃን ታውቃለች። «እትዬ፣ ልጆቹ ሲመጡስ ምን ልበላቸው?» አለችኝ። «ጠይቂያቸው። እናቴ ካሉሽ፣ ሳታነሺ በፊት እናትህ ታውቃለች ወይ በያቸው። አታውቅም ካሉሽ ስልኩን አቀብያቸውና እስኪደውሉ አብረሽ ተቀመጪ።» እኔ ያላደረግሁት ይህን ነው።

የዳዊት ፎቶ ያለባት የካሜራ ካርድ ከእኔ ጋር ናት። በጨርቅ ሰፍቼ ከአልጋዬ ራስጌ አንጠልጥያታለሁ። የሺ እስካሁን እየመጣች ታጫውተኛለች። ትናንትናም በነጠላዬ ነገር ጀመረችኝ። ሰው ምን ይላል፣ ወይ በጥቁር ለውጪ፣ ወይ ቁርጡን ጠይቂ አለች። ነጯን አላወልቅም አልኋት። ጥቁር ብርሃን አይመልስም።

«እሺ፣ ፎቶውን እንኳ አውጪው አለም።»

«ማን ነው የሚያየው?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔማ አውቀዋለሁ» አልኋት። «የሚያየው እሱ ነው። ስትመለስ ታየዋለህ ብዬዋለሁ። መጥቶ ይይና፣ ጆሮዬን አተለቅሽው ይበለኝ።»